ስለ ኮንታክት ሌንስ ያቀረብነውን ሐሳብ ስለ መተዋችን

በወላይታ ሶዶ፣ በተማሪዎች ኅብረት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ጉባኤ በዚሁ ቦታ ቆመን አንድ ሐሳብ ማቅረባችን ይታወሳል። ሐሳቡም ኅብረቱ ከአባሎቹ መዋጮ ሰብስቦ፣ በየገጠሩ ላሉት የዓይን ሕመምተኞች ኮንታክት ሌንስ ገዝቶ እንዲያድል የሚል ነበር። እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም፤ ጭብጨባውም ደኅና ነበር። ዛሬ የመጣነው ያንኑ ሐሳብ ትተነዋል ብለን ለመናገር ነው። የተሰጠንን ጭብጨባ መመለስ ስለማይቻል፣ በእርሱ ፈንታ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን እናቀርባለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከእኛ መካከል የአንዱ አክስት በሁምቦ በኩል በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። ዓይናቸው ሁልጊዜ ያነባል። ፀሐይ ሲበረታ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስባሉ። ጭስ ያለበት ቤት መግባት ያስጨንቃቸዋል፤ ጭስ የሌለበት ማድ ቤት ደግሞ የለም። በመቀነታቸው ጫፍ ወረንጦ ቋጥረው ይዞራሉ። የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ስለ ዞረ፣ ዓይናቸውን በከፈቱና በከደኑ ቁጥር ፀጉሩ ብሌናቸውን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ፀጉሩ ባደገ ጊዜ ሁሉ አንዲት የጎረቤት ልጅ አስቀምጠው ያስነቅላሉ። ልጂቱ ትምህርት ቤት የዋለች እንደ ሆነ ራሳቸው በዳበሳ ይነቅላሉ። ጓደኛችን ለዕረፍት ሄዶ ይህን አይቶ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ሌላው ጓደኛችን በቤተ መጻሕፍት ሲያነብ፣ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ በብሌን ላይ እንደ ፋሻ ተደርጎ ከሽፋሽፍት ፍግፈጋ ሊከላከል እንደሚችል አገኘ። ሁለቱን ነገር አገናኘንና ወደ ጉባኤው ሮጥን። ያነበብነው ሐሰት አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

አስቀድመን ግን በዚያ ዕለት ከመምህሮቻችን አንዱ ላነሡት ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባናል። «ኮንታክት ሌንስ የቆንጆዎች ዕቃ አይደለምን? ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ነበር። በዚያን ጊዜ መልሱን አናውቀውም ነበርና ፈገግ ብለን አለፍነው።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በቪስባደን ከተማ፣ መስታወት እየነፉ ሰው ሠራሽ ዓይን የሚሠሩ ሙለር የሚባሉ ቤተ ሰብ ነበሩ። አንድ የዓይን ቆቡን በካንሰር ያጣ ሕመምተኛ ከሐኪም ወደ እነርሱ ተላከ። ዓይኑን የሚከድንለት ነገር ስላልነበረ ብሌኑ እየደረቀ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሙለሮች ቀጭን የመስታወት ቅርፊት ነፍተው ሠሩለት፤ ሰውየውም ያን በዓይኑ ላይ እያደረገ ለብዙ ዓመት ኖረ። ቅርፊቱ የተሠራው የማየትን ጉድለት ለማረም አልነበረም፤ በጠፋው ቆብ ፈንታ ዓይንን እንዲጠብቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አዶልፍ ፊክ የተባለ ሐኪም በዙሪክ ከተማ፣ በመጀመሪያ በጥንቸል፣ ቀጥሎ በራሱ፣ ከዚያም በሕመምተኞች ዓይን ላይ የሞከረውን ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዘመን ኤዤን ካልት የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ብሌናቸው ወደ ፊት ሾሎ የወጣባቸውን ሰዎች በዚሁ ዓይነት ቅርፊት ለመርዳት ተነሣ። ስለዚህ ሌንሱ የተወለደው ሐኪም ቤት ነው፤ ወደ ውበት ሱቅ የገባው ኋላ ነው።

የያኔው መስታወት ትልቅና ከባድ ስለ ነበረ ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚታገሠው ሰው አልነበረም። ለስላሳው ሌንስ የመጣው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። ኦቶ ቪክተርሌ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ድራሆስላቭ ሊም ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ፣ ውሃ የሚመጥና እንደ ሥጋ የሚለሰልስ ፕላስቲክ አገኘ። በ1961 ዓ.ም. በፈረንጆች ገና ሰሞን የመጀመሪያዎቹን ደኅና ሌንሶች የሠራው በቤቱ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። መኪናውንም ያበጀው ከልጆች መጫወቻ የብረት መገጣጠሚያና ከብስክሌት ዲናሞ ነበር። የቤተ ሙከራ ዕቃ ጎደለ እያልን ለምናማርር ለእኛ ይህ ታሪክ የሚያሳፍር ስለ ሆነ ቶሎ እናልፈዋለን። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት እንዲሸጥ ፈቀደና ለስላሳ ሌንስ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

አሁን ወደ ዓይን እንመለስ። በብሌን ፊት ያለው የጠራ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ በመካከሉ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። ደም ሥር የለበትም፤ ቢኖርበት ብርሃን እንደ ልብ አያሳልፍምና። የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይበልጡን የሚያገኘው በእንባ በኩል ከአየር ነው። ነርቩ ግን እጅግ የበዛ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ዓይን ውስጥ ስትገባ ሰውነት ሁሉ የሚቆመው ስለዚህ ነው። አንዲት ቅንጣት እንዲህ ካደረገች፣ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ የሚፈገፍግ የራስ ፀጉር ምን እንደሚያደርግ ከአክስታችን በላይ የሚነግረን መጽሐፍ የለም።

ሐኪሞች ኮንታክት ሌንስን ለሕክምና የሚያውሉበት መንገድ ብዙ ነው። የኮርኒያ ፊት ተልጦ አልድን ሲል፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ስስ ለስላሳ ሌንስ ያደርጉበታል። ከበታቹ አዲስ ቆዳ እስኪበቅል ድረስ የቆቡን ፍግፈጋ ይከላከላል፤ ሕመሙንም ያስታግሣል። ለጥቂት ቀን ወይም ለጥቂት ሳምንት ነው፤ የፀረ ተሕዋስያን ጠብታ አብሮት ይታዘዛል፤ ሐኪሙም ቶሎ ቶሎ ያየዋል። ዓይናቸው እጅግ ለሚደርቅባቸው ሰዎች ደግሞ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ ሰፊና ጠንካራ ሌንስ አለ፤ በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ንጹሕ የጨው ውሃ ስለሚሞላ ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ እንደ ተነከረ ይውላል። የሙለሮች ቅርፊት የልጅ ልጅ ማለት ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ የሆነው ግን ካልት የጀመረው ነው። ኬራቶኮነስ የሚባል ሕመም አለ። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ማለት በእኛው ዕድሜ ነው። ዓይንን በኃይል ማሸት ያባብሰዋል። በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን በአለርጂ ሲያሳክካቸው የኖሩ ልጆች በአገራችን ጥቂት አይደሉምና ነገሩ ይመለከተናል። እንዲህ ያለው ሰው መነጽሩን በየዓመቱ ይለውጣል፤ ይሁን እንጂ ሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ሁለትና ሦስት ሆኖ ይታየዋል። ምክንያቱም የተዛባውን ኮርኒያ ከርቀት የሚቀመጥ መነጽር አያቃናውም። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ግን በላዩ አርፎ አዲስ ልሙጥ ፊት ይሆንለታል፤ ጎርበጥባጣውን እንባ ይሞላዋል። ሌንሱ ሕመሙን አያቆመውም፤ እንዲያይ ብቻ ነው የሚያደርገው። መሹሉን ለማቆም ኮርኒያውን በቫይታሚን ቢ ሁለት ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያጠነክሩበት ሕክምና አለ፤ በሰው ላይ የተሞከረበት ውጤት ከጀርመን አገር፣ ከድሬዝደን፣ በ2003 ታትሟል። በዚህ አዳራሽ መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥበትና ዓይኑን የሚያሽ ሰው ካለ ሰነፍ ነህ የሚሉትን ትቶ ይመርመር።

ይህን ሁሉ አንብበን ደስ ብሎን፣ የሌንሱን ዋጋ ለመጠየቅ በከተማችን ወደሚገኝ አንድ የዓይን ሕክምና ክፍል ሄድን። እዚያ የሚሠሩ አንዲት ነርስ እስክንጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁን። «ሌንሱን ማን ያደርግላቸዋል? ማን ያወጣላቸዋል? እጃቸውንስ በየትኛው ውሃ ይታጠባሉ?»

ለመጀመሪያው «እኛ» አልን። ለሁለተኛውም «እኛ» ለማለት አፋችንን ከፍተን፣ ፈተና መድረሱን አስታውሰን ዝም አልን። ለሦስተኛው መልስ አልነበረንም። ጓደኛችን የአክስቱን ቤት ያውቀዋል። ውሃው የሚመጣው በሴት ልጅ ጀርባ በጄሪካን ነው፤ በበጋ ወራት መንገዱ ይረዝማል። ያ ውሃ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለከብት ተደልድሎ የሚተርፈው ለፊት መታጠቢያ ነው፤ ብዙ ቀን አይተርፍም።

ነርሷ የነገሩን ይህ ነው። ሌንስ በዓይን ላይ ሲያድር የኮርኒያ አየር ይቀንሳል። የተላጠ ኮርኒያ ላይ ያለ ሌንስ፣ እጅ ካልጸዳና ጠብታው ከተቋረጠ፣ ለተሕዋስያን መጠለያ ይሆናል። ያልተጣራ ውሃ የነካው ሌንስ አካንታሜባ የሚባለውን ሕያው ነገር ሊያስገባ ይችላል፤ እርሱ አንዴ ከገባ በመድኃኒት ለማስወጣት ወራት ይፈጃል። እንዲህ ያለው ቍስል ቶሎ ካልታከመ ብሌኑን ነጭ ያደርገዋል። «እናንተ ያሰባችሁት» አሉን፣ «ዓይናቸው ቀስ ብሎ የሚጠፋባቸውን ሰዎች በአንድ ሳምንት ማጥፋት ነው።» ቃሉ መረረን፤ ነገር ግን ልክ ነበር።

በዚሁ ላይ አንድ የገዛ ቤታችንን ጉዳይ እንጨምር። ከጓደኞቻችን አንዷ ለእኅቷ ሠርግ ከሌላ ከተማ ሱቅ አረንጓዴ ሌንስ ገዝታ ነበር። ያለ ሐኪም፣ ያለ ልክ ነው የተሸጠላት። ለሠርጉ ሁለት ቀን አደረገችው፤ አንዱን ሌሊት አውልቃ ማስቀመጫው ስላልነበራት በቧንቧ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አሳደረችው። ሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት አቅቷት ሐኪም ቤት ደረሰች። ዓይኗ ተርፏል፤ አንድ ጠባሳ ግን ቀርቶበታል። ይህን እንድንናገር የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ስሟን የጠየቀን ሁሉ አይነገረውም። እንግዲህ ቧንቧና ሳሙና ባለበት በዶርም ይህ ከሆነ፣ የጄሪካን ውሃ በሚቆጠርበት ቤት ምን ሊሆን ነው?

ነገሩን ስናሰላስለው አንድ ነገር አስደነገጠን። አክስታችንን ለሌንስ የማያበቃቸው እጥረት መጀመሪያ ያሳመማቸው ያው እጥረት ነው። የሽፋሽፍቱ መቀልበስ ከትራኮማ የሚመጣ ነው፤ በአንዳንድ አገር የዓይን ማዝ ይሉታል። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የምትባል ባክቴሪያ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት፣ በእጅ፣ በጨርቅና ዓይን ላይ በምታርፍ ዝንብ ትተላለፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ብትይዝ ብዙም ባልጎዳች። በልጅነት ደጋግማ ስትይዝ ግን የላይኛው ቆብ ውስጡ ይጠበስና፣ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኰማተር የቆቡን ጠርዝ ከነፀጉሩ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሕፃናትን የሚታቀፉትና አፍንጫቸውን የሚጠርጉት ሴቶች ስለ ሆኑ፣ የሽፋሽፍት መቀልበስ ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል። በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶው ሕዝብ 1.6 እጁ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዓይነ ስውራኑ ከመቶው 11.5 እጁን ያሳወረው ትራኮማ ነበር። አገራችን በዚህ ሕመም ከዓለም ሁሉ ከባዱን ሸክም የተሸከመች ናት። በአንደኛነታችን የምንኰራበት ነገር ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን አይጨመርም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? የዓለም የጤና ድርጅት የተቀበለው መንገድ አራት ነገር ያጣምራል፤ ለተቀለበሰው ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ ለባክቴሪያዋ መድኃኒት፣ የፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና። እኛ ሌንስ ስንመኝ የዘለልነው የመጀመሪያውን ነው። ቀዶ ሕክምናው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፤ በውስጥ በኩል ይቀደድና ጠርዙ ከነፀጉሩ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ሕመምተኛው በዚያው ቀን ዓይኑ ታሽጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዓይን ስፔሻሊስት እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል።

ቀዶ ሕክምናው እንከን የለውም አንልም። ፀጉሩ እንደገና ሊቀለበስ ይችላል፤ «እገሊት ተቀዳ ምን ጠቀማት» የሚለው ወሬም የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ በወላይታ ዞን ነው። በ2006 ውጤቱ በታተመው በዚያ ጥናት 1452 ሰዎች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ለከፊሎቹ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን፣ ለቀሩት ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ተሰጠ። አዚትሮማይሲን በዋጡት ላይ ፀጉሩ ተመልሶ የመቀልበሱ ነገር በሲሶ ያህል ቀነሰ። በዓለም መጽሔቶች የሚጠቀሰው ይህ ዕውቀት የተገኘው ከእኛው እናቶችና አባቶች ዓይን ነው። እኛ ግን በዚሁ ዞን እየተማርን አናውቀውም ነበር፤ የቪስባደንን ታሪክ ቀድመን አወቅን።

ስለ ወረንጦውም የተሳሳትነው አለ። ባለፈው ንግግራችን ወረንጦን የድንቍርና መሣሪያ ብለን ነበር። በአማራ ክልል በ1300 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ግን፣ የተቀለበሰው ፀጉር ከስድስት ባነሰ ጊዜ፣ በደኅና ወረንጦና በሠለጠነ ሰው መንቀልን ከቀዶ ሕክምና ጋር አስተያየ። ፀጉሩ እንዳይባባስ በማድረግ ቀዶ ሕክምናው በለጠ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን በማየት ኃይልና በኮርኒያ ጉዳት ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናን ለማይቀበል ወይም ገና ላልደረሰው ሰው በደንብ መንቀል ዓይኑን ያቆይለታል። ክፉው ነገር፣ ጫፉ በማይገጥም ወረንጦ፣ ዓይናችን አያይም እያሉ ፀጉሩን ከመካከሉ መስበር ነው፤ የተሰበረው ጕቶ ከሙሉው ፀጉር ይልቅ ይወጋል። አክስታችን ለዓመታት ዓይናቸውን ያቆዩት በዚሁ መሣሪያ መሆኑን ስናስብ፣ በዚያ ቃል አፍረናል።

ብሌኑ አንዴ ነጭ ለሆነበት ሰው ሌንስም ቀዶ ሕክምናም ብርሃኑን አይመልሱለትም። ለእርሱ ያለው ተስፋ ከሞተ ሰው የተለገሰ ኮርኒያ መተካት ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ፈላጊው ግን ከለጋሹ እጅግ ይበልጣል። በትራኮማ የጠበሰና የደረቀ ዓይን ደግሞ የተተካለትን ኮርኒያ በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ መድረስ ያስፈልጋል።

አሁን የምናቀርበው ሐሳብ ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ጭብጨባም ላያስነሣ ይችላል። መዋጮው ይሰብሰብ፤ ሌንስ አይገዛበት። ለሕመምተኛው የሚከፈለው ዋጋ የመኪናው፣ የምሳው፣ የቀረው የገበያ ቀንና አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። አክስታችንን ለምን እስካሁን እንዳልሄዱ ስንጠይቃቸው ቀዶ ሕክምናውን ፈርተው መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን «ዓይኔ ታሽጎ ማን ይመራኛል? ላሚቱንስ ማን ያልባታል?» አሉን። በእኛ ጽሑፍ ውስጥ ላም አልነበረችም።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ በአረካም ይሁን በቦዲቲ፣ በኦፋም ይሁን በኪንዶ ኮይሻ፣ ወረንጦ የያዙ እናቶችንና አባቶችን እንጠይቅ። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቱን ሁሉ ያውቁታልና ከእነርሱ ጋር ሆነን ስም እንመዝግብ። ቀዶ ሕክምናው የሚሰጥበትን ቀን ከጤና ጣቢያው አጣርተን፣ አንድ ተማሪ ለአንድ ሕመምተኛ መሪ ሆኖ ይሂድ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፤ ቤቱ ድረስ ይመልስ። የመኪናውን ከመዋጮው እንክፈል። ስፌቱ የሚታይበትን ቀጠሮም አንርሳ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው ብለውናል።

ሌንስን በፍጹም ጠልተን አይደለም። ቦታው ሐኪሙ ጠዋትና ማታ በሚያይበት ክፍል፣ ወይም ልኩ ተወስዶ በተሠራለት ተማሪ እጅ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ ባለ ቀለም ሌንስ ያላቸው ጓደኞች ካሉ፣ ሳይታዘዝላቸው አያድርጉት፤ ቢያንስ አያሳድሩት፤ ውሃ አያስነኩት፤ ዓይናቸው ከቀላ ዕለቱን አውልቀው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ የምንለው የለንም።

የጓደኛችን አክስት ለሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ጓደኛችን ሰኞ ማታ ይሄዳል፤ ላሚቱን የጎረቤት ልጅ ልታልባት ተስማምታለች። እርሳቸው ቀጠሮውን ተቀብለዋል፤ ወረንጦውን ግን «ለማንኛውም» ብለው እንደ ቋጠሩት ነው።

ለመሪነት ስማቸውን የሚያስመዘግቡ ከጉባኤው በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ያገኙናል። ባለፈው ሳምንት ለሌንስ ብላችሁ ገንዘብ የከፈላችሁ አሥራ አራት አባሎች፣ ለአዲሱ ሥራ እንዲውል ካልፈቀዳችሁ ገንዘባችሁ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ተቀምጧል፤ ደረሰኛችሁን አሳይታችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ።